የማይደክሙ ተጫዋቾች

ስድስት ኪሎ አካባቢ በነበረ አንድ ቤቲንግ ቤት ካሸር ሆኜ ስሠራ፣ በዓለም ላይ የሌለ አገር ሊግ ከጠዋት እስከ ማታ ፊት ለፊቴ ይካሄድ ነበር። ደንበኞቻችን «ቨርቹዋል» ይሉታል። የእውነተኞቹን ክለቦች ስምና አርማ መጠቀም ፈቃድና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ስለዚህ የእነዚህኞቹ ስም የከተማና የቀለም ቅይጥ ነው፤ ቀይ ማሊያ የለበሰው እንዲህ ያለ ከተማ ቀዩ፣ ሰማያዊ የለበሰው እንዲያ ያለ ከተማ ሰማያዊው። የደረጃ ሰንጠረዥ አላቸው። ነጥብ፣ የጎል ክፍያ፣ መሪና ወራጅ አላቸው። አንዱ ሳምንት ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው፤ ዘጠናው ደቂቃ አንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ተጠቅልሎ ያልቃል። የውድድር ዘመኑ ምሳ ሳይደርስ ይዘጋና ሻምፒዮኑ ዋንጫ ሳያነሳ ሌላው ይጀመራል። አገሩ የት ነው ብትሉ ካርታ ላይ የለም። ሕዝብ የለውም፣ ዝናብ አያውቅም፣ ፌዴሬሽንም የለውም። ፌዴሬሽን አለመኖሩማ በረከት ነው የሚሉ ቀልደኞች ነበሩ።

ቤቱን የምንከፍተው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጋሼ የምንላቸው የጥበቃ ሰው የብረቱን መዝጊያ ወደ ላይ ይገፉታል፤ እኔ ስክሪኖቹን አበራለሁ፣ ወለሉን እጠርጋለሁ፣ ተቀዳዶ ያደረውን ትኬት በፌስታል እሰበስባለሁ። ስክሪኑ ሲበራ ሊጉ አይጀምርም፤ ሲካሄድ ነው የሚያድረው። አንዳንድ ቀን አሥራ ሰባተኛው ሳምንት ላይ እደርስበታለሁ፣ አንዳንድ ቀን ላለመውረድ ሲተናነቁ። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ብር ያስያዘ የለም፤ እኔም መጥረጊያዬን ይዤ ጀርባዬን ሰጥቻለሁ። እዚያ ላይ ግን ጎል ይገባል፣ ተቀድቶ የተቀመጠ የሕዝብ ጩኸት ይለቀቃል፣ አግቢው እጁን ዘርግቶ ወደ ጥግ ይሮጣል። ለማን ነው የሚሮጠው?

ሦስት ሰዓት ሲል ሰው መግባት ይጀምራል። ተማሪ፣ የታክሲ ረዳት፣ የቀን ሠራተኛ፤ ጡረተኛም አይጠፋም። «እህቴ፣ ሦስተኛዋን ኦቨር ቁረጪልኝ» ይሉኛል። ሃያ ብር፣ ሃምሳ ብር። ትኬቱ ከማተሚያዋ ሞቅ እንዳለ ይወጣል። ከዚያ አንዱ ትኬቱን ግንባሩ ላይ አስነክቶ ያማትባል፤ ሌላው በአፉ ውስጥ «ያ ረቢ» ይላል። አንድ የታክሲ ረዳት ነበር፤ ሁልጊዜ በስተግራ ካለው ምሰሶ ሥር ነው የሚቆመው። «እመቤቴ፣ አንድ ጎል ብቻ» ሲል በመስኮቴ ቀዳዳ እሰማዋለሁ። እመቤታችንን የሚማጸናት ለሌለ አገር፣ ለሌለ ክለብ፣ ለሌለ አጥቂ ነው።

በዚያ ላይ ጨዋታው አልቋል። መወራረጃው እንደተዘጋ ኮምፒዩተሩ በዘፈቀደ ቁጥር ያወጣል፤ ውጤቱ በዚያችው ቅጽበት ተቆርጧል። ከዚያ ወዲያ የምናየው ሩጫና ቅብብል፣ ቋሚ የመለሰው ኳስ ሁሉ፣ ለወጣው ቁጥር የሚስማማ ምስል ተመርጦ ሲታይ ነው። ረዳቱ በሰማንያኛው ደቂቃ «እመቤቴ» ሲል ስላለፈ ነገር ነው የሚለምነው። እኔም መጀመሪያ የነገሩ ጉድ እዚህ ላይ ይመስለኝ ነበርና ለአባቴ ያቀረብኩለት ጥያቄ ይኸው ነበር።

አባቴ መሪጌታ ነው። ዜማውን ጎጃም ተምሮ፣ በጉብዝናው አዲስ አበባ ገብቶ፣ ዕድሜውን በአንድ ደብር አገልግሎት የጨረሰ ሰው ነው። የት እንደምሠራ ሲሰማ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እሱ ሲቆጣ ጥያቄ ያበዛል። «እንዴት ያለ ኳስ ነው? ማን ነው የሚጫወተው?» እያለ አስለፈለፈኝ። ባለፈ ነገር ላይ መጸለይ ከንቱ አይደለም ወይ ስለው ግን ያልጠበቅኩትን መለሰ።

«አውቶቡስ ተገለበጠ ሲባል ሰምተሽ ወንድምሽ ተሳፍሮ ቢሆንስ ብለሽ አታውቂም? ያን ጊዜ ምን ትያለሽ?»

«አደራህን፣ እሱ እንዳይሆን።»

«ይኸው ነው። ከሆነ ሆኗል፤ አንቺ ግን ትለምኛለሽ። እግዚአብሔር ትናንትና ነገ የለበትም፤ ዛሬ የጸለይሽውን ትናንት ሰምቶት ይሆናል። ዘግይቷል ብለሽ ጸሎት አትከልክዪ።»

ይህን መልስ ካገላበጥኩት በኋላ ችግሩን ከሰዓቱ ላይ አነሳሁት። አውቶቡሱ ውስጥ ወንድም አለ። ጸሎቱ ቢዘገይም የሚያርፍበት ሰው አለ። የእኛው ሊግ ላይ የሚቸግረው ጸሎቱ የሚያርፍበት መታጣቱ ነው።

ስለ ዕጣም ተከራክረናል። ዕጣ በራሱ ነውር እንዳልሆነ ማንም የቤተ ክርስቲያን ልጅ ያውቃል። ይሁዳ በጎደለበት ቦታ ዮሴፍና ማትያስ ቀርበው ዕጣው ለማትያስ ወጥቷል። የዮናስ መርከበኞችም ማዕበሉ በማን ምክንያት እንደመጣ ያወቁት በዕጣ ነው። አባቴ እነዚህን ሲጠቅስ አንድ ነገር ያሰምርበታል፤ ሐዋርያት አስቀድመው ጸለዩ፣ ዕጣውን ኋላ ጣሉ። የሚጠየቅ አለ፣ መልሱን የሚቀበል ማኅበር አለ። የእናቴም ዕቁብ እንዲሁ ነው። እሑድ እሑድ ስሞቹ በወረቀት ተጠቅልለው ቆብ ውስጥ ይገባሉ፣ ሕፃን ልጅ ያወጣል። ዕጣው የሚወስነው ተራን ብቻ ነው፤ ዛሬ ያልወጣለት ሌላ ቀን ይወጣለታል፣ ከማንም ኪስ የሚጎድል የለም።

ቤቲንጉስ? የተማርኩት አካውንቲንግ ነውና ሒሳቡን ላሳያችሁ። አንድ ጨዋታ ለባለሜዳው 1.85፣ ለአቻ 3.40፣ ለእንግዳው 4.10 ተሰጥቶታል እንበል። የትኛውም ይውጣ ብቻ መቶ ብር እጄ ይግባ ብላችሁ ሦስቱንም መግዛት ብትፈልጉ፣ ለመጀመሪያው 54 ብር ከ05፣ ለሁለተኛው 29 ብር ከ41፣ ለሦስተኛው 24 ብር ከ39 ታስይዛላችሁ። ድምሩ 107 ብር ከ85 ሳንቲም ነው። መቶ ብር ለማግኘት 107 ብር ከ85። ትርፏ ሰባት ብር ከምናምን ኳሱ ሳይነካ የቤቱ ሆናለች። እንዲህ ያሉ አምስት ጨዋታዎች በአንድ ትኬት ሲደራረቡ ደግሞ ትርፉም አብሮ ይደራረባል፤ በረጅሙ ሲታይ ከእያንዳንዱ መቶ ብር ሠላሳ አንድ ያህሉ እዚያው ይቀራል። «አንድ ጌም በላኝ» የሚለው ልጅ የበላው ያ አንዱ ጌም ይመስለዋል። በጌሞቹ ሁሉ ላይ የተቆነጠረው አይታየውም።

«እና ይሄ ዕጣ ነው?» አለኝ አባቴ ሒሳቡን ስጽፍለት። «ዕጣ ለሁሉም እኩል ካልሆነ ዕጣ አይባልም።»

«አንተስ ጳጉሜን በመጣች ቁጥር የእንቁጣጣሽ ሎተሪ ትቆርጥ የለ?»

«እሱማ ልማት ነው» አለና ጋቢውን አስተካከለ።

ሳቅን። በዚያ ግን አላቆምኩም። በቀራንዮ ወታደሮቹ በጌታ ልብስ ላይ ዕጣ መጣላቸውን አነሳሁበት። ያም ዕጣ ነው፤ ለአራቱም እኩል ነው፣ ያጭበረበረ የለም፣ ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቀይመው? አባቴ ጥቂት ዝም ብሎ «ቀና ብለው አላዩም» አለኝ። «ራሳቸው ላይ ሰው ተሰቅሎ እየተጣጣረ ነው፤ እነሱ ግን ዓይናቸው መሬት ላይ ከወደቀው ዕጣ አልተነሳም።» ይህችን መልስ ያዙልኝ።

የእስልምናው አቋም ከዚህ ይልቅ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው። የጥበቃው ጋሼ ሙስሊም ናቸው። ቁማርና በቀስት ዕጣ ማውጣት በቁርኣን ውስጥ ከአስካሪ መጠጥ ጋር ባንድ ላይ እንደተከለከሉ ነገሩኝ። ታዲያ ከዚህ ቤት ደሞዝ መብላቱስ ስላቸው «እኔ የምጠብቀው በር ነው» አሉኝ። እውነትም ወንበራቸውን ወደ ጎዳናው አዙረው ነው የሚቀመጡት፤ ስክሪኑን ቀና ብለው ሲያዩ አላጋጠመኝም። መልሳቸው በቂ ነው ወይ? እኔ ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እየቆረጥኩ እሳቸው ላይ ልፈርድ አልችልም።

ደንበኞቹ በበኩላቸው የራሳቸውን ሃይማኖት ሠርተው ነበር። «ዛሬ ማሽኑ ተናዷል»፣ «ማሽኑ ያውቀኛል»፣ «ማሽኑ ከምሳ በኋላ ነው የሚሰጠው» ይላሉ። ስታዲየም ውስጥ የሚሰደብ ዳኛ አለ፤ እዚህ ዳኛ ስለሌለ ማሽኑ ቁጣም ፈቃድም ተሰጠው። ከጎኔ ከነበረችው ካሸር ይልቅ የእኔ ገድ ቀና ነው ብለው በእኔ መስኮት ይሰለፉ ነበር። እሷን ገደ ቢስ ናት ይሏታል፤ እያለቀሰች ቤቷ የሄደችበት ቀን አለ። የዘፈቀደ ቁጥር ሲወጣ የማንም እጅ የለበትም ብትሏቸው አይሰሟችሁም። ሰው አድራሻ በሌለበት አድራሻ ይሠራል፤ ተስፋ ሲያደርግ ደግሞ ይብስበታል።

ከደንበኞቻችን አንዱ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ፍልስፍና የሚማር ልጅ ነበር። ሲበላ ይፈላሰፋል፤ ሲያሸንፍ ግን ብሩን ተቀብሎ ውልቅ ነው። ጠዋት ባዶ ቤት ውስጥ ስለሚገባው ጎል ብነግረው ስለ ጆርጅ በርክሌ አወራኝ። በርክሌ አየርላንዳዊ ነው፤ ኋላም ጳጳስ ሆኗል። በ1710 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለነገሮች መኖር ማለት መታየት፣ መዳሰስ፣ መሰማት ነው ብሎ ተከራከረ። ታዲያ ሰው ፊቱን ሲያዞር ዛፉ ይጠፋል ወይ ሲሉት፣ የማያንቀላፋው አምላክ ያየዋልና አይጠፋም ማለት ነው መልሱ። «ስለዚህ አንቺ ስትጠርጊ ጎሉን ያየልሽ እግዜር ነው» አለኝ ልጁ፣ ሃምሳ ብር በመስኮቱ እየሰደደ።

ቀልዱን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን አልተቀበልኩትም። እግዚአብሔር ምን አየ? ብርሃን አየ። የስክሪኑ ብርሃን ፍጥረት ነው፤ አረንጓዴው አረንጓዴ፣ ቀዩም ቀይ ነው። ጎሉን ግን ሊያይ አይችልም፤ ምክንያቱም ጎል እንዲኖር የተሸነፈ በረኛ ያስፈልጋል። ሁሉን ዐዋቂነት ያልነበረ ነገር እንደነበረ አድርጎ ማየትን አይጨምርም፤ እንዲያ ቢሆን ስሕተት በሆነ። ይህን ስነግረው ልጁ ትኬቱን እያጠፈ «አንቺ ለካ ካሸር ብቻ አይደለሽም» አለኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ አልገባኝም።

በማግስቱ ሌላ ታሪክ ይዞ መጣ። አርጀንቲናዊው ሆርሄ ሉዊስ ቦርኼስ ከወዳጁ ከአዶልፎ ቢዮይ ካሳሬስ ጋር በ1967 እ.ኤ.አ. ያሳተመው አጭር ልብ ወለድ ነው። አንድ ሰው ቦነስ አይረስ ውስጥ ትልቁ ስታዲየም ከቦታው ጠፍቶበት ወደ አንድ የክለብ ፕሬዚዳንት ይሄዳል። ፕሬዚዳንቱም ኳስ መጫወት ከቀረ ብዙ ዓመት እንደሆነው፣ የመጨረሻው እውነተኛ ግጥሚያ ሰኔ 24 ቀን 1937 እ.ኤ.አ. እንደተካሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ በጋዜጠኛ ድምፅ የሚቀርብ ድራማ እንደሆነ ያጫውተዋል። ክለብ አለ፣ ሰንጠረዥ አለ፣ ደጋፊ አለ፤ ኳስ የለም። ቨርቹዋል ገና ሳይታሰብ የኛን ቤት የጻፉት መሰለኝ። አንድ ነገር ግን ቀርቷቸዋል፤ በታሪካቸው ውስጥ ሕዝቡ ተታልሏል። የእኛ ሰው አልተታለለም። እያንዳንዱ ደንበኛ ያ አገር እንደሌለ ያውቃል። እያወቀ ያማትባል።

አባቴ ታሪኩን ስነግረው ደስ አላለውም፤ ነገሩ እሱንም ይነካዋልና። ኳስ የወደደው በሬዲዮ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ የሆነው ስታዲየም ከመርገጡ በፊት ነበር፤ በታቦት ስም የሚጠራ ክለብ እንዳለ ሲሰማ ሌላ ምክንያት አላስፈለገውም። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍፁም ቅጣት ምት ረትታ የሴካፋን ዋንጫ ስታነሳ፣ እሱ ከደብሩ ግቢ ውስጥ ካንድ ዲያቆን ጋር በአንዲት ባትሪ ድንጋይዋ እየደከመ ባለች ሬዲዮ ላይ አጎንብሶ ነበር። የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ዛሬም ይደግመዋል፤ ትንፋሹ ሲቆራረጥ፣ ሲጮኽ፣ ሲያለቅስ። እና እኔ ጨክኜ ጠየቅኩት፦ አንተስ ምን አየህ? ሬዲዮው ውስጥ ሜዳ አልነበረም፤ ድምፅ ብቻ ነው። ደምሴ ፈጥሮት ቢሆንስ?

«ደምሴማ እዚያ ነበር!» አለ፣ በዚህ ጊዜ በእውነት ተቆጥቶ።

ይሄ መልስ ለእኔ ከበርክሌ ይበልጥብኛል። እምነት የማያዩትን መቀበል ነው እየተባልን አድገናል፤ ሙሉው ግን ያየው ሰው የመሰከረውን መቀበል ነው። ቶማስ የተገሠጸው ዐሥሩ ጓደኞቹ አየን እያሉት ስላልተቀበላቸው ይመስለኛል። በ1954 ዓ.ም. ጥር ወር አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዳለች። እኔ ያን ጊዜ አልተወለድኩም። ሉቻኖና ኢታሎ ቫሳሎ እንዳገቡ፣ አራተኛውን መንግሥቱ ወርቁ እንደጨመረ አምናለሁ፤ እዚያ የነበሩ ነግረውናልና። በቨርቹዋሉ ሊግ ግን ደምሴ ሊሆን የሚችል የለም። ቁጥሩ ሲወጣ እዚያ የነበረ የለም፤ «እዚያ» ራሱ የለም።

አሁን አሁን እውነተኛውም ሊጋችን ወደ ምስል እየተጠጋ መሆኑን አልደብቅም። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምሩ፣ ክለቦቹ ሁሉ ባንድ ከተማ እየተሰባሰቡ፣ ዛሬ ጅማ ነገ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እየዞሩ ይጫወቱ ጀመር። አዲስ አበባ የተቀመጠ የጊዮርጊስ ደጋፊም ክለቡን እንደ እኔ ደንበኞች በስክሪን ማየት ጀመረ። አባቴ ምሬቱ ብዙ ነው። ሆኖም እዚያ ማዶ ሐዋሳ አለች፤ ሙቀቷም አለ፤ በሰባኛው ደቂቃ ባቱን ጡንቻ የሚይዘው ልጅ አለ።

ድካም የሚለው ነገር አእምሮዬ ውስጥ የገባው በሌላ ታሪክ ነው። በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በጳጉሜን፣ ባሕሬን ከቶጎ ብሔራዊ ቡድን ጋር ተጋጥማ 3 ለ 0 አሸነፈች። ኋላ የቶጎ ፌዴሬሽን ቡድን የሚባል አልላክንም አለ። ማሊያ ለብሰው የተሰለፉት ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች ነበሩ። ሐሰተኛ አገር ማለት ይኸው ነው። ግን የባሕሬን አሠልጣኝ፣ ኦስትሪያዊው ዮሴፍ ሂከርስበርገር፣ ተጋጣሚዎቹ ዘጠና ደቂቃ ለመጫወት የሚያበቃ ብቃት እንዳልነበራቸው ተናገረ። ደክሟቸው ነበር። ስማቸው ውሸት፣ ባንዲራቸው ውሸት፣ ወረቀታቸው ውሸት ሆኖ ሳለ ሳንባቸው እውነት ነበር። ለእነዚያ ሐሰተኞች የሚጸልይ ቢኖር ጸሎቱ የሚያርፍበት ነበረው። በእኔ ስክሪን ላይ ያሉት ግን ሌሊቱን ሙሉ ሮጠው ጠዋት ሳገኛቸው ማሊያቸው አልራሰም።

ይህን ለአባቴ ስነግረው «ምትሀት ነዋ!» አለ ወዲያው፤ ለዚህ ነገር ቤተ ክርስቲያን ከጥንት የያዘችው ስም ስላለ። በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት የጌታን ሥጋ ምትሀት ነው ያሉ ወገኖች ተነሥተው ነበር፤ የተራበ መሰለ፣ የታመመ መሰለ፣ የሞተ መሰለ እያሉ። ሐሳባቸው ለክብሩ መጨነቅ ነበረበት፤ አምላክ እንዴት ይደክማል ከሚል የመጣ ነው። አባቶች የመለሱላቸው ከወንጌል ላይ ትንንሽ ነገሮችን እየለቀሙ ነው፤ መንገድ አድክሞት በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ተቀመጠ፣ ቀትር ላይ ውኃ ለመነ፣ ማዕበል እየናጣት ባለች ጀልባ ውስጥ ትራስ ላይ ተኛ። ምጥው ለአንበሳ የምንለው ቅዱስ አግናጥዮስ ከአንጾኪያ ወደ ሮም ለአውሬ ሊጣል ሲነዳ፣ በመንገድ ላይ በጻፋቸው መልእክታት ከእነዚሁ ሰዎች ጋር ሲሟገት የታሰረበትን ሰንሰለት ራሱን ማስረጃ አደረገው። የጌታ መከራ ለመምሰል ብቻ ከሆነ የእርሱ እስራት ምን ይፈይዳል? ልጅ ሆኜ ስማረው ይህ ሁሉ ክርክር ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም ነበር። ቤቲንግ ቤት ነው ያስተማረኝ። ሊደክም የማይችል ነገር ላይ ተስፋ ማድረግ ምን እንደሚመስል በየቀኑ ሳይ ከረምኩ።

አንድ ቀን ያ ረዳት ምሳ ሰዓት ላይ ገባ። አራት ጨዋታ ደራርቦ ሦስቱ ወጥተውለታል፤ አንዷ ቀርታለች። ምሰሶው ሥር ቆሞ ትኬቱን በሁለት እጁ ይዟል፤ ጣቱ የነካው ጥግ ከላቡ የተነሣ ጠቁሯል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፣ ጉልበቱ በስሱ ይንቀጠቀጣል። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ታክሲ በር ላይ ተንጠልጥሎ «አራት ኪሎ፣ ፒያሳ!» ሲል የዋለ ልጅ ነው፤ የምሳውን ብር ይዞ ነው የመጣው። ስክሪኑ ላይ ሃያ ሁለት ሰዎች ያለ ትንፋሽ ይሮጣሉ። እሱ ግን እያለከለከ ነው፤ ሳይሮጥ። በዚያ ሊግ ውስጥ የሚደክም እንዳለ ያየሁት ያኔ ነው፤ የሚደክመው ተመልካቹ ነው። ሜዳው ላይ የጎደለው ሥጋ ሁሉ ከወዲህ በኩል፣ ምሰሶው ሥር ቆሟል። ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርገው፣ ረሀቡንም ላቡንም የሚያዋጣለት እሱ ነው፤ እኔ ደግሞ በመስኮቴ ቀዳዳ እሰበስብለታለሁ።

ኳሱ አልገባም። ትኬቱን ቀደደና «አንድ ብርጭቆ ውኃ ይኖርሻል፣ እህቴ?» አለኝ። ከራሴ ኮዳ ቀዳሁለት። ቀትር ላይ ነበር። ይህን እዚህ መጻፌ ወንጌሉን ከቤቲንግ ጋር ለማጋባት አይደለም፤ የሆነው እንዲህ ስለሆነ ነው። የአባቴ ወታደሮች ግን ትዝ አሉኝ። እመቤቴ የተባለችውም፣ እኔ እንደማምነው፣ ልመናውን ሰምታለች፤ ጎሉን ሳይሆን የለመነውን ልጅ ታየዋለች። ጸሎቱ ማረፊያ አለው ማለት ነው። እሱ ወደ ስክሪኑ ላከው እንጂ ማረፊያው ራሱ ነበር።

ያ ቤት አሁን የለም፤ በሩ ላይ የጫማ መሸጫ ተከፍቷል። እኔም የእህል ነጋዴ ሒሳብ እሠራለሁ፤ ስንዴ ከነማዳበሪያው ይመዘናል። ከአባቴ ጋር ያለን ክርክር ግን አላበቃም። ባለፈው ጊዮርጊስ ሲጫወት ቴሌቪዥኑ ፊት ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

«አባዬ፣ ይኸውልህ፤ አንተም ትለምናለህ። የዚያኛው ደጋፊም ይለምናል። እግዜር የማንን ይስማ?»

«እኔ ለጎል አልለምንም።»

«ታዲያ ለምን?»

«በረኛው እንዳይጎዳ ነው።»

«የሁለቱም?»

«የኛ ነዋ! የነሱን እነሱ ይለምኑለት።»